በአራት በር የዳነው ሁለተኛ ገቢር

መነሻ

ተመልካች በሳቀ ቁጥር ስክሪፕቴ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ስቴጅ ማናጀር ነኝ፤ ትርኢት ሲኖር ስክሪፕቱ ከእጄ አይለይም። ጭረቱን ማንም አላዘዘኝም፣ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ጽሑፍ የወለደውም እሱ ነው።

የአንድ አዲስ ፋርስ ተውኔት የሙከራ ትርኢት ለስልሳ ያህል ተጋባዦች አሳየን። የመጀመሪያው ገቢር፣ ማለትም የተውኔቱ የመጀመሪያ ክፍል፣ 31 ጭረት አገኘ። ሁለተኛው 9። ከዘጠኙም አራቱ የድርሰቱ አልነበሩም። የበር እጀታ ተነቅሎ ተዋናዩ እጅ ላይ ስለቀረ የመጡ ናቸው። ለመክፈቻው ደግሞ 16 ቀን ቀርቶናል።

በእነዚያ 16 ቀናት የሆነውን እዚህ አሰፍራለሁ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ አዘጋጁ፣ ደራሲው፣ ዲኮር ሠሪው እያልኩ እሄዳለሁ።

ፋርስ ስል አገሩን አይደለም። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መሙላት፣ መጠቅጠቅ ነው። በመካከለኛው ዘመን በመንፈሳዊ ተውኔቶች መሀል እየተጠቀጠቁ የሚገቡ አጫጭር ቀልዶች ነበሩ፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ ፋርስ የምንለው ውሸት የሚደራረብበት፣ ሰው በሰው የሚሳሳትበት፣ በር የሚንጓጓበትና ሁሉም ነገር ከመጠን በላይ የሚፈጥንበት ኮሜዲ ነው።

ተውኔቱ

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ባል ሁለት ውሸት ዋሽቷል። ለአለቃው «ታምሜ ተኝቻለሁ» ብሏል። ለአማቱ «ለሥራ ውጭ አገር ሄጃለሁ» ብሏል። ሁለቱም በአንድ ምሽት ከች ይላሉ። እንግዲህ አለቃው ሲኖር አልጋ ላይ መገኘት አለበት። አማቱ ባሉበት ደግሞ ጭራሽ መኖር የለበትም። ሊረዳው የመጣው ጓደኛው ለአለቃው ሐኪም፣ ለአማት የቧንቧ ሠራተኛ ይሆናል። በላዩ ላይ ሁለት መንታ የሚመስሉ ጥቁር ቦርሳዎች አሉ። አንዱ የአለቃው ነው፣ የውል ሰነድ ይዟል። ሌላው የጓደኛው ነው፣ ፒጃማ ይዟል።

ከዚህ ውስጥ አዲስ ነገር የለም። ድርብ ውሸት፣ የተለወጠ ቦርሳ፣ የሐሰት ሐኪም፣ በድንገት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የዘርፉ የጋራ ንብረት ናቸው። ማንም ደራሲ ከዚያ ቋት እየጨለፈ ይጽፋል፤ ነውር የለበትም። የእኛም ደራሲ በደንብ ጨልፏል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር።

ዲኮሩ ሳሎን ነው። ስድስት በሮች ነበሩት፦ የውጭ በር፣ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሥራ ክፍልና የእንግዳ ክፍል። ጥግ ላይ አንድ ቁም ሣጥን። ዲኮር ሠሪው በስድስቱ በሮች ይኮራ ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ፋርስ ማለት በር አይደል? በበዛ ቁጥር የተሻለ መስሎን ነበር።

የታየው ችግር

በሙከራው ምሽት ሁለተኛው ገቢር ሲጀምር አዳራሹ ሙቅ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ ቀዘቀዘ። ሰው ደብሮት አልወጣም፣ ስልክም አልነካካም። በትኩረት ያያል፤ ግን አይስቅም። እኔ ከነበርኩበት ጥግ የፊተኛው ረድፍ ይታየኛል። አንዲት ሴት ግንባሯን ቋጥራ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሆነ ነገር ትቆጥራለች። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም።

ከዚያ እጀታው ተነቀለ። ባልን የሚጫወተው ልጅ ከመታጠቢያ ቤት ሊወጣ ሲታገል እጀታው በእጁ ቀረ። አየው። የሚያደርስበት ጠፍቶት ለአማት ሰጣቸው። አማትን የምትጫወተዋ ተዋናይ ተቀብላ፣ አገላብጣ አየችውና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አዳራሹ በሳቅ ፍርስ አለ። የምሽቱ ትልቁ ሳቅ እሱ ነበር፤ እሱም ድርሰቱ ላይ የለም።

የመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች፣ ያልሠሩት

አዘጋጁ በማግስቱ የሰጠው ምርመራ አንድ ቃል ነበር፦ «ፍጥነት!» ሁለት ሙሉ ልምምድ ለፍጥነት ዋለ። ገቢሩ በ7 ደቂቃ አጠረ። ልምምዱን እንዲያዩ የጠራናቸው ጥቂት ወዳጆች ከበፊቶቹም ያነሰ ሳቁ። አንዱ ሲወጣ «ጎበዞች ናችሁ፣ ደከማችሁ» አለን። ለኮሜዲ ከዚህ የከፋ ሙገሳ አላውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ መውደቅና መመታት መጨመር ነበር። ጓደኛው ከቁም ሣጥኑ ተንከባሎ እንዲወድቅ፣ አለቃው በትሪ እንዲመታ ተደረገ። የጣሊያን የጭንብል ኮሜዲ ተዋናዮች ለዚህ ባታኪዮ የሚሉት መሣሪያ ነበራቸው፤ ሁለት ስስ ጣውላዎች ተገጣጥመው ሲመቱ ድምፁ ያስደነግጣል፣ ሰውነት ግን አይጎዳም። እኛ ያንን የሚመስል ነገር ሠርተን ከመጋረጃ ጀርባ አጮህነው። ድምፁ አሪፍ ነበር። ሳቅ ግን አንድ ጊዜ መጥቶ ሄደ። ለምን እንደተመታ ማንም አልያዘውም፤ ዱላው ከታሪኩ ያልበቀለ ዱላ ሆነ።

ሦስተኛው ሙከራ እጀታውን መድገም ነው። ለምን አንጠቀምበትም ተባለና በየልምምዱ እንዲነቀል ላላ ተደርጎ ተገጠመ። ተነቀለ። ማንም አልሳቀም። ልጁ እንደሚነቀል ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። እጀታውን ለጊዜው ተውነው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ጥያቄ

መንገዱን ያስቀየረን ደራሲው ነው። የሙከራውን ትርኢት ካዩት ውስጥ አምስት ሰዎችን ፈልጎ ደወለ። «አሳቃችሁ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ አለ፦ «አማት ወደ ወጥ ቤት ስትገባ አለቃው የት ነበር?»

አምስቱም አላወቁም። አንዷ «መኝታ ቤት መሰለኝ... አይ፣ ወጥቶ አልነበር እንዴ?» አለች። ሌላው ባልየው ሁለት ቦታ የታየ መስሎት መንታ ወንድም ያለው ነው ብሎ ደምድሟል።

ያቺ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ የነበረችው ሴት ትዝ አለችኝ። በር ትቆጥር ነበር።

ነገሩ የተገለጠልን ያኔ ነው። ፈላስፋው ኦንሪ በርግሰን በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሳቅ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሁኔታ የሚያስቀው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት የነገር መስመሮች ላይ በአንድ ጊዜ ሲወድቅና በሁለት ትርጉም ሊነበብ ሲችል ነው ይላል። ደራሲው ይህን ያውቅ ነበር፤ ሲጽፍም አስቦበታል። የረሳው ግን ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። አለቃው አያያቸውም፣ አማትም አያዩዋቸውም። የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው። ተመልካቹ አንዱ መስመር ከጠፋበት ፊት ለፊቱ የሚቀረው ወዲያ ወዲህ የሚሯሯጥ ሰው ነው። በሩ ከኋላው ማን እንዳለ እስካወቅን ድረስ ያስቃል። ካላወቅን ጣውላ ነው።

የበር መዝገብ

አራት ትልልቅ ወረቀቶች አገጣጥመን የልምምድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። አራት አምድ፦ ማን፣ በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ ተመልካቹ የት እንዳለ ያውቃል ወይ? የሁለተኛውን ገቢር እያንዳንዱን መግባትና መውጣት ጻፍን። ሙሉ ቀን ፈጀ። 74 ሆነ።

መጨረሻው አምድ ላይ 19 «አያውቅም» ወጣ። አንዳንዱ ሰው በእንግዳ ክፍል ገብቶ በሥራ ክፍል ይወጣል፤ ሁለቱ ክፍሎች ከውስጥ እንደሚገናኙ የተነገረው በአንዲት መስመር፣ ያውም በሳቅ መሀል ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ የማይቻል ነገር አገኘን። ጓደኛው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በውጭ በር ይመጣል። በመስኮት ነው? ደራሲው አንገቱን እያሻሸ «ማንም አያስተውልም ብዬ ነው» አለ። ተመልካች ስህተቱን ላያስተውል ይችላል። መንገዱ እንደጠፋበት ግን ይሰማዋል።

መዝገቡ የሥራ ክፍሉና የእንግዳ ክፍሉ በር እንዲወጡ ፈረደ። ዲኮር ሠሪው ተቆጣ። እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፤ በሮቹ ቀለም ተቀብተው አልቀዋል። ግማሽ ቀን ካኮረፈ በኋላ መጥቶ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ማንንም ሳያናግር መፍቻ አነሣ።

አራት በር ቀረ። መግባትና መውጣቱም ከ74 ወደ 52 ወረደ። ሁሉም በር አንድ ትርጉም አገኘ። መኝታ ቤት ማለት ባል የታመመበት ነው። ወጥ ቤት ማለት አማት ነው። መታጠቢያ ቤት ማለት መደበቂያ ነው። የውጭ በር ማለት አዲስ መዓት ነው። ይህን የመጀመሪያው ገቢር ሲያልቅ ሁሉም ተመልካች ሳይነገረው ያውቀዋል።

ጣውላና ማጠፊያ

ይህ ክፍል ቲያትር ለማይሠራ ሰው አሰልቺ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው።

በሮቹ ወደ መድረክ ይከፈቱ ነበር። ተዋናዩ ሲገባ የበሩ ሳንቃ ለአንድ አፍታ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ዞሮ መውጣት አለበት። ያቺ አፍታ ቀላል ትመስላለች። ፋርስ ላይ ግን ሳቁ የሚመጣው ፊቱ በታየባት ቅጽበት ነው። ማጠፊያዎቹን ነቅለን በሮቹ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ መጋረጃ ጀርባ እንዲከፈቱ አደረግን። አሁን በሩ ሲከፈት ሰውየው እንደ ፎቶ በፍሬሙ መሀል ይቆማል።

በር በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ሁሉ ይርገበገብ ነበር። ግድግዳው በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ ቢርገበገብ አይገርምም። የበሩን ፍሬም ከጨርቁ ነጥለን ለብቻው በድጋፍና በክብደት አቆምነው። ቁልፉም አይያዝም ነበርና በሩ ተዘግቶ ተመልሶ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ተደበቀ የተባለው ሰው ቆሞ ይታያል። በማግኔት መያዣ ቀየርነው። አንድ ተዋናይ ጣቱ ተቀርቅሮ ሁለት ቀን በፋሻ ከተለማመደ በኋላ ጠርዙ ላይ ወፍራም ጨርቅ ተለጠፈ። ይህ ከመጀመሪያው ቀን መደረግ የነበረበት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በነገራችን ላይ የበር ድምፅ በስፒከር ለማጀብም ሞክረን ነበር። ፉርሽ። ከበሩ በቅንጣት ሰከንድ ዘገየና ሁሉንም አጋለጠ።

ሁለቱ ቦርሳዎች

ቦርሳዎቹ በጣም ይመሳሰሉ ነበር፤ እንዲመሳሰሉ ተብሎ ነው የተገዙት። በሦስተኛው ልውውጥ ላይ ግን እኔ ራሴ ስክሪፕት ይዤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

መውጫውን ያገኘነው ከጥንታዊው የሮማ ኮሜዲ ደራሲ ከፕላውተስ ነው። «አምፊትሩዎ» በሚባለው ተውኔቱ አማልክቱ ጁፒተርና ሜርኩሪ የአንድ ጦር አዛዥና የባሪያውን መልክ ይዘው ይመጣሉ። ሜርኩሪ ገና በመግቢያው ለተመልካች ነገሩን ያስረዳል፦ እኔ ባርኔጣዬ ላይ ትንሽ ክንፍ ይኖረኛል፣ አባቴ ጁፒተር ደግሞ የወርቅ ዘርፍ፤ ከቤቱ ሰዎች ምልክቱን የሚያይ የለም፣ እናንተ ግን ታያላችሁ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛ ችግር ያኔ ተፈትቶ አድሯል።

እኛም የጓደኛውን ቦርሳ እጀታ በነጭ ፕላስተር ጠቀለልነው። በመጀመሪያው ገቢር እጀታው ይበጠሳል፣ ጓደኛው እያማረረ ያስረዋል፤ ምልክቱ እዚያው ተመልካች ፊት ተወለደ። አማት ግን ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ እኔ ዕውር ነኝ እንዴ? ነጭ ነገር ፊቴ ላይ ነው እኮ!» አዘጋጁ የሜርኩሪን ክንፍ ነገራት። አላረካትም። በመጨረሻ ራሷ መላ አገኘች፤ ቦርሳውን በምታነሣበት ጊዜ ሁሉ ዓይኗ ሌላ ሰው ላይ እንዲሆን አደረገች። ክርክሩ ጠቀመን። ከዚያ ወዲህ ማንም ተዋናይ ቦርሳ እያየ አያነሣም። ሲያስቀምጥም ፕላስተሩ ወደ ተመልካች መዞር አለበት፤ ይህን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

ይኸው ብልሃት በፈረንሳዊው የፋርስ ደራሲ በዦርዥ ፌዶ ዘንድም አለ። በ1907 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በታየው ተውኔቱ አንድ ተዋናይ የመድን ድርጅት ኃላፊውንም ሰካራሙን የሆቴል አሽከርም ይጫወታል። ኃላፊው ያለ ፈቃዱ የአሽከሩን ልብስ ይለብስና የሆቴሉ ባለቤት በርግጫ ይለዋል። የሚያስቀው እርግጫው አይደለም። ልብሱ የማን፣ ሰውየው ማን እንደሆነ እኛ ማወቃችን ነው።

እጀታው ተመለሰ

እጀታው ያልሠራው ሥር ስላልነበረው ነው። ደራሲው በመጀመሪያው ገቢር ሦስት ቦታ ላይ ሥር ሰጠው። ሚስት መጋረጃው ሲከፈት «ያን እጀታ ሥራው» ትላለች። ባል «ነገ» ይላል። ኋላ ደግሞ «የቧንቧ ሠራተኛው» መታጠቢያ ቤቱን ሲከፍት እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ምንም አይልም። ሦስተኛው ላይ ሚስት ትመለከተዋለች፣ ባልን ትመለከተዋለች፣ ትወጣለች። ቃል የለም። በሁለተኛው ገቢር ሲነቀል የተነቀለው እጀታ ብቻ አልነበረም፤ የባልየው «ነገ» ነው። በመክፈቻው ምሽት ገና እጁ እጀታውን ሲይዝ፣ ሳይነቀል፣ ሳቁ ጀመረ።

ልጁንም መምከር አስፈልጎ ነበር። ቀልድ እየተጫወተ መሆኑን የሚያሳውቅ ፈገግታ ነበረው። አዘጋጁ አንድ ሙሉ ልምምድ ያለ ሳቅ፣ እንደ ትራጄዲ አስጫወተው። ሥራውንና ትዳሩን በአንድ ምሽት ሊያጣ የሚችል ሰው ነው፤ ምን ያስቀዋል? ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጥነው እንባችን እስኪወርድ ስቀናል።

ባዶው መድረክ

ከሁሉም የምወደው ለውጥ በአጋጣሚ የመጣ ነው። ከበሮቹ ቅነሳ በኋላ መዝገቡ ላይ አንድ ባዶ ረድፍ ቀረ። ሁሉም ሰው በአራቱ በሮች ገብቷል፣ መድረክ ላይ ማንም የለም። በፊት እንዲህ ያለ ክፍተት ካገኘን ወዲያው እንሞላው ነበር። አዘጋጁ «ተዉት» አለ።

አራት የተዘጉ በሮች። መሀል ወለል ላይ አንድ ቦርሳ፣ ነጭ ፕላስተር ያለው። ዝም።

አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ሰከንድ ተመልካቹ መሳቅ ይጀምራል። ከየትኛው በር ማን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚፈልግና ማንን ማግኘት እንደሌለበት ያውቃል። ቀልዱን ራሱ ጨርሶ እኛን ይጠብቃል። በአንዱ ትርኢት ላይ ሳቁ ስላላቋረጠ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆየን፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተዋናዮቹ እጀታ ይዘው ምልክቴን እየጠበቁ ነበር።

ውጤቱና ያልተፈታው

በመክፈቻው ሁለተኛው ገቢር 28 ጭረት አገኘ፤ በሦስተኛው ትርኢት 33። ተመልካቹ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሳይንስ አልወስደውም። ግን ዝምታው ጠፍቷል።

ማለቂያው አልዳነም። ውሸቱ ሁሉ ሲጋለጥ ሰዎቹ ቆመው ያብራራሉ። መጀመሪያ 9 ደቂቃ ነበር፤ ወደ 4 አወረድነው። አሁንም ሳቅ የለበትም። ምክንያቱ ከላይ ካልኩት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ አለቃውና አማት የሚሰሙት ሁሉ ተመልካቹ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚያውቀው ነው። መጋለጡ በአንድ በር መከፈት ማለቅ ነበረበት። ጊዜ አልበቃንም።

የአማት መነጽር ፍለጋም ስድስት ጊዜ ይደጋገም ነበር። ወደ አራት ቀነስነው፤ አራተኛው ላይ መነጽሩ ከቦርሳዋ ሲወጣ የበሩ እጀታ አብሮ እንዲወጣ ተደረገ። በሦስት ልማድ ይሆናል፣ በአራተኛው ይሰበራል። ከዚያ በላይ ልመና ነው።

ለሌላ ቡድን

ፋርስ የምታዘጋጁ ከሆነ መዝገቡን በመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት ሥሩ። እኛ በመጨረሻው ሠርተን ዲኮር አፈረስን። አራተኛው አምድ ላይ «አያውቅም» ያለ ቦታ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ ተመልካቹ በድንገት እንዲደነግጥ የፈለጋችሁበት ካለ ይኑር። የእኛ አዲሱ መዝገብ ላይ ሁለት «አያውቅም» ሆነ ብለን ትተናል። አሥራ ዘጠኝ ግን ድንገተኛ አይደለም፣ ጭጋግ ነው።

ሳቅ ሲጠፋ ቀልድ ከመጨመራችሁ በፊት ያየ ሰው ጠይቁ። ጥያቄው ስለ ቀልድ አይሁን፤ ማን የት ነበር በሉት። ፍጥነትም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፍጥነት የተረዳውን ሰው ያስቀዋል፣ ያልተረዳውን ይጥለዋል።

ደራሲው በቅርቡ አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። ገጹን ገለጥኩት፣ አንድ መስመር ቃለ ተውኔት የለውም። አራት አምድ ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ ዲኮሩ ላይ በሌለ በር ወጥተዋል።